ጥርሱን ነው ያመመው

ጥቅምት 6

ለእማማ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? መልስ ስላዘገየሁ አይቀየሙኝ። ሰሞኑን የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫው ጋ ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ወጥቷል። በመስኮቷ ከሚገባ እጅ በቀር የሰው ፊት ካየሁ ሰንብቻለሁ።

ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡሱ ሾፌር የነገረዎት ልክ ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል። አልሸጥነውም። አልተጣላንምም። በግልጽ ስለጠየቁኝ በግልጽ ልመልስ ብዬ ነው። እኔና ልጅዎ ብንጣላማ ሱቁ አይዘጋም፤ እሱ እዚያው ያድራል እንጂ።

ጥርሱን ነው ያመመው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳል። ልጅዎን ያውቁታል፤ እፍኝ ጥቃቅን ሚስማር ጉንጩ ውስጥ ካልወተፈ፣ በምላሱ አንድ አንዱን እየገፋ ከንፈሩ ላይ ካላወጣ፣ በግራ እጁ ጨርቁን ወጥሮ በቀኙ ካልመታ ሶፋ የሠራ አይመስለውም። ሰፈሩ «አፈ ሚስማር» ያለው በከንቱ አይደለም። አፉ ሲታመም ሥራው አብሮ ታመመ።

ፎቶው ላይ ከስቷል ያሉትም እውነት ነው። ጥርሱን ያመመው ሰው እንዴት ይብላ? ሾፌሩ መጥቶ ልጅዎን ወንበር ላይ ተቀምጦ ተኝቶ ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲጋደም ይብስበታል።

በዚህ ወር እንመጣለን ብለንዎ ነበር። አይሆንልንም። ይቅርታ ያድርጉልን።

የልጅዎ ባለቤት


ጥቅምት 11

ለልጄ ሚስት፣

ስለ ጉልበቴ ጠይቀሻል። አለ። ደረጃ ስወጣ ያኮርፋል፣ ስወርድ ይታረቃል።

ሱቅ የሚያዘጋ ጥርስ ግን አይቼ አላውቅም። ጨርቅ ፋብሪካ ሳለሁ የክሩን ጫፍ ክር በምታመላልሰው በመወርወሪያዋ ቀዳዳ የምናወጣው በአፋችን እየመጠጥን ነበር። ከንፈርሽን ቀዳዳው ላይ ታደርጊያለሽ፣ ወደ ውስጥ ትስቢያለሽ፣ ክሩና ብናኙ አብሮ ይመጣል። የፊት ጥርሶቼ ያለቁት እዚያ ነው። ጆሮዬን ማሽኖቹ ወሰዱት፣ ጥርሴን መወርወሪያዋ፤ ለእኔ ጡረታዬን ተዉልኝ። ሆኖም ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። ሌላው ሰው በእጁ ሠርቶ በአፉ ይበላል፤ በእኛ ዘር አፍም ተቀጥሮ ይሠራል። ታዲያ ይህን ልጅ ምን ነካው?

ሐኪሙ ጠጋኝ ነው ወይስ ነቃይ? ነቃይ ከሆነ ተጠንቀቁ። አንዴ እጁ ከለመደ ጤነኛውንም አይምርም።

በሾፌሩ በኩል ጠርሙስ ልኬያለሁ። የቅርንፉድ ዘይት ነው፤ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት። ጥጥ ላይ ጠብ አድርገሽ ድዱ ላይ ያዢለት። ሐኪም ዘንድ በሚሄድበት ጠዋት ደግሞ አብዝተሽ ቀቢው፤ በብረት ሲጎረጉሩት እንዳያዋርደን። ልጅ ሆኖ መርፌ ሲወጉት የሐኪም ቤቱን መጋረጃ ቀዶ ነበር። መጋረጃውን መልሼ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ጠርሙሷን መልሽልኝ። ክዳኗ የሚገጥም ሌላ የለኝም።

ለእሱ እናቱ፣ ለአንቺ አማትሽ


ጥቅምት 18

እማማ፣

ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፤ ስለማሳጥር ይቅርታ።

ጠርሙሷ ሳትሰበር ደርሳለች። እናመሰግናለን። ዛሬ ጠዋት እንዳሉኝ አብዝቼ ቀባሁለት። ድዱም ምላሱም ደነዘዘ። «እናቴ ከዚያ ሆና አፌን ዘጋችው» እያለ ሄደ፤ ይህንንም ያለው እየተኮላተፈ ነው። አሁን ሐኪም ዘንድ ነው ያለው።

ሐኪሟ ሴት ናት። ጠጋኝ ትሁን ነቃይ ገና አላወቅንም። ዛሬ ብቻ ከፈረመችልን እፎይ እንላለን።

ጡሩምባ ነፋ። ደህና ይሁኑልኝ።


ጥቅምት 25

እማማ፣

ይህን ተቀምጠው ያንብቡት። ከቻሉ ጎረቤትዎን ይጥሯት።

«ሌላ ጠርሙስ እያዘጋጀሁ ነው፣ ከፊተኛው ይበረታል» ብለው ጽፈዋል። እባክዎ አይላኩ። «ለጥርስ ፊርማ ምን ይሠራል?» ብለውም ጠይቀዋል። ፊርማው ለጥርስ አይደለም። ልጅዎን ያመመው ልቡ ነው።

ልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፉ በሮች አሉ። ከእሱ በሮች አንዱ ገርበብ ብሎ ቀርቷል፤ አይዘጋም። ልቡ የገፋው ደም ተመልሶ ይመጣበታል። ተቀምጦ የሚተኛው ሲጋደም ትንፋሽ ስለሚያጥረው ነው። ሱቁ የተዘጋው መዶሻ አንሥቶ ጥቂት ሲመታ ላብ ስለሚያጠምቀው ነው። ደረቱን ከፍተው የተበላሸውን በር ያወጡና ሌላ ያስገቡለታል። ይኸው ጻፍኩት።

ጥርሱን ነው ያመመው ያልኩዎት ግን ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። የልብ ሐኪሞቹ ከሁሉ አስቀድመው ያሉት «ጥርስ ሐኪም ትይህ» ነው። እሷ አፉ ውስጥ ቁስል፣ መግል፣ የተደበቀ በሽታ እንደሌለ አይታ ካልፈረመች አይነኩትም። ስለዚህ መመላለሱ እውነት ነበር። ግማሹን እውነት ላኩልዎ፣ ግማሹን ቤት አስቀረሁ።

እሱ ነው ያስማለኝ። «ሌላ እናት ብትሆን ሲጨንቃት ደውላ ድምፄን ትሰማለች። የእኔ እናት አትሰማም። ከደብዳቤ እስከ ደብዳቤ ብቻዋን ቁጭ ብላ ታስባለች» አለኝ። እኔም ማልኩለት። ዛሬ መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ማፍረሴን እሱም ያውቃል፤ አኩርፎኝ ግድግዳ እያየ ነው።

አሁን የጠርሙሷን ነገር ልንገርዎ። እሱ እንደነገረኝ ነው የምጽፈው። የሐኪም ቤቱ ትልቁ ራጅ ተበላሽቷል። በትንሹ ራጅ የሚያነሡት ደግሞ የጠረጠሩትን ጥርስ ብቻ ነው። ሐኪሟ በብረት ዘንግ መታ መታ እያደረገች ትጠይቀዋለች።

«ይኼ ያምሃል?»

«አያምም።»

«ይኼስ?»

«አያምም።»

«ይኼኛውስ?»

«ምንም።»

መዋሸቱ አልነበረም፤ ግራ ጉንጩ የእሱ መሆኑን ራሱ አያውቅም ነበር። እሷ ግን ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ አሸተተችው።

«ምንድነው የተቀባኸው?»

«ቅርንፉድ።»

«ማን አዘዘልህ?»

«እናቴ።»

«ሐኪም ናቸው?»

«የለም፣ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሠራችው።»

«እጃቸው ጎበዝ ነው። እኔ በመርፌ የማደነዝዘውን ያህል አደንዝዘውልሃል። በል እንግዲህ ያልኸኝን ሁሉ አላመንኩህም፤ አንድ በአንድ አነሣዋለሁ።»

አነሣችው። በግራ በኩል ታች የሁለት መንጋጋዎች ሥር መግል ቋጥሯል። ከአጠገባቸው ያለው ሦስተኛው ይወዛወዛል። ሚስማሩን የሚወትፈው በግራ ጉንጩ ስለሆነ የሚያኝከው ሁልጊዜ በቀኙ ነው፤ ግራውን ከነጭራሹ ረስቶታል። አንዳንዴ ሲጠዘጥዘው ሚስማር የወጋው እየመሰለው ያልፈው ነበር።

«አልፈርምም» አለችው። ቀዶ ጥገናው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ቀኑ ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ፤ ለአንዲት አስተማሪ።

በማግስቱ ከሥራ ተፈቅዶልኝ ሄድኩና ጮህኩባት። እማማ፣ እንዲያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። «ሰውዬው ትንፋሽ አጥቶ እየሞተ አንቺ ጥርስ ትቆጥሪያለሽ?» አልኳት። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ጓንቷን አወለቀች። ወንበር ሳበችልኝ። «ለልቡ አዲስ በር ነው የሚያስገቡለት። ከጥርሱ ሥር ያለው መግል በደም ተጉዞ እዚያ አዲስ በር ላይ ከሰፈረ መድኃኒት በቀላሉ አያስለቅቀውም። ደረቱን እንደገና መክፈት ሊመጣ ነው። ያኔ የሚተርፈው ይተርፋል፣ የማይተርፈውም ብዙ ነው። ደግሞ በሩ ከገባ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይውጣል። ያን ጊዜ ጥርስ ልንቀል ብል ደሙን ለማቆም እንጨነቃለን። ጥርሱ አሁን ነው መውጣት ያለበት። ቀኑን የቀማሁት መስሎሽ ከሆነ አልፈርድብሽም» አለችኝ።

ከዚያ ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። ጮህኩባት፣ ውኃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ውሸቱ ነው ይቅርታ የምለው፤ ጠርሙሷን በተመለከተ ግን እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። ለጥርስ ብለው ነው የላኩት፤ ጥርስ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ።


ጥቅምት 29

ልጄ፣

ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጎረቤቴንም አልጠራሁም። ስጨርስ ተቀመጥኩ።

ያዘጋጀሁትን ሁሉ ደፋሁት። ቤቱ አሁንም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል፤ መስኮቱን ከፍቼ ብርድ እየመታኝ ነው የምጽፍልሽ። በገዛ እጄ የልጄን በሽታ ልሸፍንለት ነበር። ሴትዮዋ ጉንፋን ይዟት ቢሆንስ? አፍንጫዋ ተዘግቶ ቢሆንስ? ፈርማለት ነበር፣ እኔም ጎበዝ እናት ነኝ እያልኩ እዚህ ተቀምጬ ነበር።

ልረግምሽ አሰብኩ። አልመጣልኝም። ውሸትሽ ባይኖር ጠርሙሷ አትመጣም፤ ጠርሙሷን ግን የላክኋት እኔ ነኝ። ጥፋት የለብዎትም ማለትሽ ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ ግን አልቀበልሽም። ጥፋቱን እንካፈለው።

ለዚያ ግድግዳ ለሚያየው ንገሪው። እናቴ ድምፅ አትሰማም ብሎ ከሆነ ልክ ነው። እኔ የምሰማው በወረቀት ነው። ወረቀቱን ዝም ስታሰኙብኝ ነው የደነቆርኩት። ከእንግዲህ ግማሽ አልቀበልም። ግማሹ የተሸመነ ጨርቅ ከማሽን አይወርድም። ደግ ሲሆን ብታዘገዪው ግድ የለም፤ ክፉ ሲሆን ግን ዕለቱን ጻፊልኝ።

ጥርስ ሐኪሟን አመስግኚልኝ። አፍንጫዋን በተለይ።

ቀኑን የወሰደችውን አስተማሪ አትቀየሚያት። እሷም የሰው ልጅ ናት፤ እሷም አማት አላት ይሆናል።


ኅዳር 12

እማማ፣

እንደምን ነዎት? መስኮቱን ዘጉት ወይ? ብርድ እንዳይመታዎ።

በኋለኛው ደብዳቤዎ የጠየቁኝን በተራ እመልሳለሁ። አዎ፣ ሦስቱም ተነቅለዋል። አዎ፣ አሞታል። አይ፣ መጋረጃ አልቀደደም፤ ሐኪሟ መጋረጃ የላትም። ከመንቀሏ በፊት መግሉ ወደ ልቡ እንዳይሄድ መድኃኒት አስውጣዋለች። ሥሮቹን አንድ በአንድ ጠርጋ ሰፋችለት። ስፌቷን ቢያዩት፣ እሱ ራሱ በመስታወት አይቶ «የሶፋ ስፌት ታውቃለች» ብሏል። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ምስጋናዎን አድርሻለሁ። ስለ አፍንጫዋ ስነግራት ሳቀች። «ሰው ሁሉ በዚህ ሥራ ላይ አፍንጫሽን እንዴት ቻልሽው እያለ ነው የሚያዝንልኝ፤ ያመሰገነው እናንተ ቤት ብቻ ነው» አለች። እኔም «ጮኼብሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ከሚጮኹብኝ አንቺ ደህና ነሽ፤ ቢያንስ አልነከስሽኝም» አለችኝ።

ሌላ ነገር ግን አለ። የፊት ጥርሶቹ ጫፋቸው ተሸራርፏል። «ምን ስትበላ ነው እንዲህ የሆነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሚስማር።»

«እየቀለድክብኝ ነው?»

«ሶፋ ሠሪ ነኝ።»

መሣሪያዋን አስቀምጣ አየችው። ከአሁን በኋላ አፉ ውስጥ ሚስማር እንዳይገባ ከለከለችው። አንዱ ድዱን ቢወጋው ቁስል ነው፣ ቁስሉ የበሽታ መግቢያ ነው፣ ደሙም ቶሎ አይቆምም። ሰውዬው ሦስት ጥርስ ሲነቀል ዝም ያለው በዚህ ጊዜ ተነሥቶ ቆመ። «እና በምን ልሥራ?» አለ። «ሌሎች በምን ይሠራሉ?» አለችው። ሌሎችማ ማግኔት ባለው መዶሻ ነው የሚሠሩት፤ ሚስማሩ ከመዶሻው አፍ ላይ ይጣበቃል። የጓደኛውን አምጥቼለት ነበር። አልጋው ሥር ወርውሮታል። «ይኼ የሰነፍ መዶሻ ነው» ይላል።

ልምጣ ወይ ላሉት፣ ገና ነው። ድዱ ይዳን፣ ሐኪሟ ትፈርም፣ ቀኑ ይታወቅ። እንዳይመጡ ሳይሆን ሲመጡ የሚያስታምሙት እንዲኖርዎ ነው።

አስተማሪዋ ተሠርቶላታል። ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ስትራመድ አየኋት። ሰላም ልበላት ብዬ ተጠጋሁ። ትራሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። «ሲያስልሽ እንዲህ ነው የሚያዘው» አለችኝ፣ በሽተኛ መስያት።


ኅዳር 17

ልጄ፣

መስኮቱን ዘግቻለሁ።

መዶሻውን ከአልጋው ሥር አውጪና የሚከተለውን ቆመሽ አንብቢለት፦

አንተ ልጅ። ፋብሪካችን በአፍ የማይመጠጥ አዲስ መወርወሪያ ያመጣ ጊዜ ክሩ በጣት ነበር የሚገባው። እኛ አሮጌዎቹ አዲሶቹን ልጆች «ከንፈር የሌላቸው» እያልን ሳቅንባቸው። የፊት ጥርስ በሌለው አፋችን ነው የሳቅነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነው ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ሲስቁ ሙሉ ጥርስ ናቸው። ማን በማን እንደሳቀ አሁን ገብቶኛል። መዶሻውን አንሣ። ከአፍህ ሚስማር ሳይሆን ወሬ ይውጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ሚስማር ጎርሰህ ሚስትህን «እም እም» እያልክ ነው ያናገርካት፤ ምን እንደምታስብ እንኳ አታውቅም።

ጨረስኩ። አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ ካነበብሽለት አይሰማሽም፤ ኮስተር በይ።

ስለ አስተማሪዋ በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ስታገኚያት ሰላም በይልኝ።


ታኅሣሥ 3፣ ሆስፒታል ኮሪደር

እማማ፣

ሐኪሟ መፈረሟን ባለፈው ጽፌልዎ ነበር። ትናንት ጠዋት አስገቡት። ሲመሽ ጨርሰው ወጡ። በሩ ተቀይሯል፣ ልቡ እየመታ ነው አሉኝ። ይህን ብቻ ጽፌ ብልክልዎ ዛሬ ደስ ብሎዎት ይተኙ ነበር።

ዕለቱን ጻፊ ስላሉኝ ግን የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። ዛሬ ንጋት ላይ ከውስጥ መድማት ጀመረ። መልሰው አስገቡት፣ መልሰው ከፈቱት። ደሙን አግኝተው አቁመውታል። አሁን ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አለ፤ የሚተነፍስለት ማሽን ነው። አልነቃም። ትኩሳትም አለው። ትኩሳቱ ከምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እንዲህ ካለ ቀዶ ጥገና በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ እንከታተለዋለን» አሉ። ከአፉ ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ገልጦ አየና «አፉ ንጹሕ ነው፤ እሱን ከሐሳብሽ አውጪው» አለኝ። ከሚያስፈሩኝ ነገሮች አንዱን ወሰደልኝ። ሌሎቹ አሉ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እንዲህ ብሎ ደብዳቤ መላክ ጭካኔ መሆኑ ይሰማኛል። ሾፌሩን ለምኜ አቆይቼዋለሁ፤ እሱም የእርስዎን በር ሳያንኳኳ ወደ ቤቱ እንደማይገባ ምሎልኛል።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ጽሑፉ ተበላሽቷል። ይቅርታ።


ታኅሣሥ 4

ልጄ፣

ጽሑፍሽ ይነበባል።

ስላስፈራሽኝ አመሰግንሻለሁ። ሌሊቱን ተቀምጬ አደርኩ። ግን የት እንዳለሁ፣ ስለ ምን እንደምፈራ አውቄ ነው ያደርኩት። ባለፈው ጥቅምት ስለ ጥርስ እየቀለድኩ ደህና ስተኛ ከነበረው ይህ ይሻለኛል። ያኔ አንቺ ብቻሽን ነበርሽ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም፤ ምስጋና አልችልበትም።

አልጋው አጠገብ ስትቀመጪ እናትህ ሰምታለች በይው። ማሽን የተሰካበት ሰው ይሰማል ይላሉ። እኔ ማሽን መካከል ሃያ ዓመት ሠርቼ ምንም አልሰማሁም፤ እሱ ግን ዕድለኛ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሾፌሩ አልሰጠውም። ሾፌሩ ሲነሣ ከኋላው ወንበር ላይ ራሴ ይዤው እቀመጣለሁ። በመስኮትሽ በኩል አቀብልሻለሁ። መስኮትሽ ላይ ከሌለሽ ሆስፒታል ነሽ ማለት ነው፤ እዚያው አመጣዋለሁ።


ጥር 24

እማማ፣

በደህና ገቡ ወይ? ጉልበትዎ ከአውቶቡሱ ጋር ታረቀ? ልጅዎን አስታምመው አስነሥተው ከሄዱ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብናል። ያጠቡትን ሁሉ የት እንዳስቀመጡት ስላላወቅን ልጅዎ በአንድ ሸሚዝ ነው የሚውለው። እንደነገሩኝ ጠዋት ጠዋት እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከትናንት በስቲያ ሳያርፍ ደርሶ ተመለሰ። መዶሻ ገና አላነሣም፤ ሐኪሞቹ አጥንቱ እስኪገጥም ከልክለውታል። ያም ቢሆን ሱቁን ከፍቶ ተቀምጧል። ደንበኞች ሲያወራ ሰምተው ግራ ተጋብተዋል፤ አንዷ ወንድሙ መስሏት «አፈ ሚስማር የለም እንዴ?» ብላዋለች።

ጥርስ ሐኪሟን ሁለታችሁም ሄዳችሁ አመሰገናችኋት ወይ ብለው እዚህ ሳሉ በየቀኑ ስለጠየቁኝ ዛሬ ሄድን። ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር። በሩን አንኳኳን። ቀና ብላ አየችን፤ አላወቀችንም።

«ቀጠሮ አላችሁ?»

«የለንም» አልኩ። «ልናመሰግንሽ ነው የመጣነው።»

«ለምኑ?»

እኔ ከየት እንደምጀምር ሳስብ ልጅዎ አፉን ከፈተላት። ጎንበስ ብላ አየች።

«አንተ ነህ እንዴ!» አለች። ፊቷ በራ። «ግራ ታች! ቁጭ በል።»

«ምስጋና ብለን ነበር…»

«አፍህን ከፍተህ አመስግነኝ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። መብራቷን አብርታ ዙሪያውን አየችለት። ድዱ ግጥም ብሎ ድኗል፤ ከኋላ በኩል ግን ብሩሹ አይደርስም ብላ ተቆጣችው። በየስድስት ወሩ እንዲመጣ አዘዘችው። ማንኛውም ሐኪም አፉን ከመንካቱ በፊት ልቡ ውስጥ አዲስ በር እንዳለ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደሚውጥ እንዲናገር አስጠናችው። እንደ ተማሪ ቃል በቃል አስደገመችው። ሲጨርስ ከወንበሩ ወርዶ ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋላት። ጓንት አድርጋ ስለነበር ክንዷን አስጨበጠችው። የተዘጋጀንበትን ንግግር ሁለታችንም ሳንናገረው ቀረን። ምስጋናው ከእርስዎም መሆኑን ግን ነግሬያታለሁ። «እማማን ሰላም በይልኝ» ብላለች።

ስንወጣ በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እኛ ይዘነው የነበረውን ዓይነት ወረቀት ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ለቀዶ ጥገና የሚላኩት የሚሰጣቸውን። ማለፍ አልቻልኩም።

«አባባ» አልኳቸው፣ «የሚያምዎትን ሁሉ ይንገሯት። ምንም እንዳይደብቋት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ የምነግራት ጥርስ የለኝም። የታመመችው ባለቤቴ ናት፤ ካርድ ልታወጣ ሄዳለች።»

«ታዲያ ጉንጭዎን ለምን ያዙ?»

እጃቸውን ከጉንጫቸው አውርደው የሰው እጅ ይመስል አዩት። «እሷ ስትይዝ ስትይዝ አይቼ ነዋ» አሉ። «በአንድ ቤት እየኖርን ዝም ብዬ ልያት?»

ልጅዎ ሳቀ። ደረቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ሳቀ። እንዳመመው ከፊቱ አየሁ። አላቆመም።